የ9ኛ «ለ» ምርጫ፦ ከጥቅምት እስከ ኅዳር የያዝኩት ማስታወሻ

ጥቅምት 4 ቀን 2017፣ ሰኞ

ዛሬ 9ኛ «ለ» ገብቼ አንድ ነገር ጠየቅኩ። «የክፍላችሁን አለቃ ማን መረጠው?» ዝም አሉ። ከኋላ ወንበር አንዷ «እርስዎ ነዎታ፣ ቲቸር» አለች።

እውነቷን ነው። ስምንት ዓመት ሳስተምር የክፍል አለቃ የምመድበው እኔ ነኝ። ወይ ጎበዝ ተማሪ፣ ወይ ድምፁ ጎላ ያለ ልጅ፣ ወይ በቁመቱ ሌሎቹን ጸጥ የሚያሰኝ። በዚያው ሰሌዳ ላይ ደግሞ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 38 እጽፍላቸዋለሁ። የመምረጥና የመመረጥ መብት። ሁሉን አቀፍ፣ እኩል፣ በምስጢር ድምፅ። ይገለብጣሉ፣ ይሸመድዳሉ፣ ፈተና ላይ ይመልሱታል። ፈተናውን ሳርም አብዛኛው ልጅ ሙሉ ነጥብ ያገኛል። ግን አንዳቸውም በሕይወታቸው አንድ ወረቀት አጥፈው ሳጥን ውስጥ አልከተቱም።

ዘንድሮ አለቃውን እነሱ ይመርጣሉ። የጨዋታ ምርጫ አይደለም። የሚመረጡት ሰዎች የሚወስኑት ነገር ሊኖር ይገባል። ያለበለዚያ ልጆቹ ቶሎ ይነቁብኛል። ከዛሬ ጀምሮ የሚሆነውን ሁሉ እዚህ እጽፋለሁ።

ጥቅምት 6፣ ረቡዕ

ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባሁ። ሁለት ነገር ጠየቅኩ። አንደኛው ኅዳር 4 ከሰዓት በኋላ ያለውን ጊዜ ለምርጫው እንዲሰጡኝ። ሁለተኛው የሚመረጠው አለቃና ረዳቶቹ እውነተኛ ሥራ እንዲኖራቸው። ማን የት እንደሚቀመጥ፣ የጽዳት ተራ፣ ለሦስት ተማሪ አንድ የሚደርሰው መጽሐፍ በየትኛው ቀን ማን ቤት እንደሚያድር። በወር አንዴ ደግሞ ተወካያቸው የመምህራን ስብሰባ ላይ ገብቶ የክፍሉን ጉዳይ እንዲናገር።

የመጀመሪያውን ወዲያው ፈቀዱ። ሁለተኛው ላይ ግን ቆም አሉ። «መምህርት፣ ልጆቹ ለዚህ ገና አልበሰሉም» አሉኝ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ለልጆቹ ያስባሉ። እኔም እስከ ትናንት በልቤ የያዝኩት ይህንኑ ነበር። ግማሽ ሰዓት ያህል ተነጋገርን። በመጨረሻ ከመምህራን ስብሰባው በቀር ሁሉንም ፈቀዱ። ስብሰባውን «ቆይ፣ መጀመሪያ እንየው» አሉ።

«ገና አልበሰሉም» የሚለው ቃል እቤት ድረስ ተከተለኝ። የት እንደማውቀው ማታ ላይ ትዝ አለኝ። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት! የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን መኳንንቱና የአገር ሹማምንት ይመርጡ ነበር። ምክንያቱም እዚያው ተጽፏል፦ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪችል ድረስ። የሰኞውን ትምህርት አገኘሁት።

ጥቅምት 11፣ ሰኞ

የ1923ቱን ነገር ነገርኳቸውና ምን እንደሚሉ ጠበቅኩ። ብዙ አልጠበቅኩም። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ያለ ልጅ እጁን አውጥቶ «ታዲያ መቻላቸውን የሚያየው ማን ነበር?» አለ። ሌላው ቀጠለ፦ «ሳይመርጡ መምረጥ እንዴት ይለምዳሉ?» እኔ ምንም አልጨመርኩም።

ከዚያ ወደ 1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አለፍን። 21 ዓመት የሞላው ሁሉ እንዲመርጥ ፈቀደ፤ ሴቶችም ጭምር። ለመወዳደር ግን በአካባቢው ንብረት ማፍራትን ይጠይቅ ነበር። የኛ ትምህርት ቤት ሽሮ ሜዳ አካባቢ ነው። የብዙዎቹ ወላጆች ሸማኔዎች ናቸው፤ ተከራይተው የሚኖሩት ብዙ ናቸው። «አባቴ መምረጥ ይችል ነበር፣ መመረጥ ግን አይችልም ነበር ማለት ነው» አለች አንዷ። አዎ አልኳት። አሁን ያለው ሕግ ንብረት አይጠይቅም። 18 ዓመት የሞላው ይመርጣል፤ ለዕጩነት 21 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል።

በጣም የወደዱት የወይዘሮ ሰንዱ ገብሩን ታሪክ ነው። በመጀመሪያው የሕዝብ ምርጫ ተወዳድረው ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። ከዚያ በፊት የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ነበሩ። «እቴጌ መነን የት ነው?» አሉኝ። ከኛ ቁልቁል ስድስት ኪሎ፣ ብዙ ዓመት የካቲት 12 ሲባል የኖረው ነው ስላቸው ክፍሉ ተንጫጫ። በየቀኑ በታክሲ ያልፉታል። እስካሁን አንድም ሴት ልጅ ለዕጩነት አልተነሳችም ነበር። ደወሉ ሲደወል አንዷ ጠረጴዛዬ አጠገብ መጥታ «ቲቸር፣ ምዝገባው መቼ ነው?» አለች።

ጥቅምት 13፣ ረቡዕ

አምስት ልጆች ያሉበት የምርጫ ኮሚቴ አቋቋምን። በዕጣ ነው ያወጣናቸው። አስመራጮቹንም እኔ ብመርጥ ኖሮ ወደ ድሮው መመለሴ ነው። የኮሚቴ አባል መወዳደር አይችልም፣ ለማንም ዘመቻ አያደርግም። አንዱ ልጅ ዕጣው ሲወጣለት አለቀሰ፤ መወዳደር ፈልጎ ነበር። ምርጫውን ሰጠነው። ትንሽ አስቦ ኮሚቴው ውስጥ መቅረትን መረጠ።

ጥቅምት 20፣ ረቡዕ

አራት ዕጩዎች ተመዝግበዋል። ሁለት ወንድ፣ ሁለት ሴት። እያንዳንዳቸው ምልክት መረጡ። የእውነተኛ ፓርቲ ምልክት መውሰድ ክልክል ነው ብያቸው ነበር። ጀበና፣ መሰላል፣ ጃንጥላ፣ ድልድይ ሆኑ። ምልክት ለምን እንዳስፈለገ አስረዳኋቸው፦ ማንበብ የማይችል መራጭ ሰው ሳይጠይቅ የሚፈልገውን እንዲያገኝ ነው። «የአያቴ ነገር» አለ አንዱ። እኔም እዚህ ማስታወሻ ላይ ልጆቹን በምልክታቸው እጠራቸዋለሁ።

ከዚያ አንድ ሙከራ አደረግን። ምን እንደምፈልግ አልነገርኳቸውም። «እስቲ ዛሬ ቢሆን ማንን ትመርጣላችሁ? እጅ አውጡ» አልኳቸው። 58 ልጆች ነበሩ። ጃንጥላ 31፣ መሰላል 9፣ ጀበና 8፣ ድልድይ 4። ስድስቱ እጅ አላወጡም።

እኔ እጆቹን ሳይሆን ዓይኖቻቸውን ነበር የማየው። ጃንጥላ በክፍሉ ውስጥ የሚፈራም የሚወደድም ልጅ ነው፤ ኳስ ይችላል፣ ጓደኛ አይጠፋውም። ስሙ ሲጠራ ዞር ብሎ ማን እጁን እንዳወጣ ያያል። አንዲት ልጅ እጇን ግማሽ ድረስ አንስታ ጎረቤቷን አየች፣ ከዚያ ሙሉ አነሳችው። ቁጥሩን ሰሌዳው ላይ ጻፍኩና ወረቀት ላይ ገልብጬ ያዝኩት። ለኅዳር ይጠቅመኛል።

ጥቅምት 25፣ ሰኞ

ዛሬ አንዲት እናት መጡ። ልጃቸው መሰላል ነው። ነጠላቸውን አጣፍተው በር ላይ ቆሙ። ገና ሰላምታ ሳንጨርስ «ልጄ፣ ልጄን ፖለቲካ ውስጥ እንዳትከቺብኝ» አሉኝ። «ፖለቲካና ኮረንቲን በሩቁ ነው።»

ይህን አባባል ያልሰማ ኢትዮጵያዊ የለም። የመጣውም ከባዶ ሜዳ አይደለም። እኔ ራሴ በ1997 የ14 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ግንቦት 7 እናቴ ገና ጎህ ሳይቀድ ወጥታ ተሰለፈች። ስትመለስ ጣቷ ላይ ቀለም ነበረባት፤ ፊቷ ደግሞ በዓል ነበር። «ማንን መረጥሽ?» ስላት «ሆድ ይፍጀው» ብላ ሳቀች። በዚያው ዓመት ክረምት መግቢያና በቀጣዩ ጥቅምት ሰፈራችን ውስጥ የተኩስ ድምፅ ሰማን። ከዚያ በኋላ እናቴ ስለ ምርጫ አውርታ አታውቅም። ስለዚህ ሴትዮዋን በክርክር ላሸንፋቸው አልፈለግኩም። ፍርሃታቸው የሚከበር ነው።

ወንበር ሰጠኋቸውና «እድር አለዎት?» አልኳቸው። አለኝ፣ ሃያ ዓመት አልፎኛል አሉ። ዳኛውን ማን ይመርጠዋል? «እኛው ነና።» ገንዘቡን ቢያጎድልስ? «እናወርደዋለና! ደብተሩ ይመረመራል፣ ጉባኤ ይጠራል።» ሲናገሩ ድምፃቸው ከፍ አለ። አንድ ጊዜ ገንዘብ ያዡን እንዴት እንዳወረዱት ነገሩኝ። ሩብ ሰዓት ያህል የጉባኤ አካሄድ አስተማሩኝ ማለት እችላለሁ። ከዚያ ልጃቸው የሚያደርገው ይህንኑ እንደሆነ ነገርኳቸው። የጽዳት ተራ የሚያወጣና መጽሐፍ የሚያዳርስ ሰው መምረጥ። ፓርቲ የለም፣ የአገር ፖለቲካ የለም።

ትንሽ አሰቡ። «በእጅ ነው በወረቀት?» አሉኝ። በወረቀት፣ በምስጢር። «ጥሩ። የኛ በእጅ ስለሆነ ሰው ይፈራራል» አሉና ተነሱ። የረቡዕ ሙከራዬን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነገሩኝ።

ጥቅምት 27፣ ረቡዕ

የዕቃ ቀን። ሐሙስ የሆነውንም እዚሁ ጨምሬዋለሁ። መጀመሪያ የፓስታ ካርቶን በስተን ሳጥን ሠራን። የኮሚቴው ልጅ ዙሪያውን አየና «ቲቸር፣ ውስጡ ባዶ መሆኑን በምን ያውቃሉ?» አለ። ልክ ነው። መርካቶ ሄጄ የእህል ማስቀመጫ የሚሆን፣ ከውጭ ውስጡ የሚታይ ፕላስቲክ ገዛሁ። ክዳኑን በትኩስ ቢላ ሰነጠቅነው። ዳሩን በፕላስተር እናሽገዋለን፤ በፕላስተሩና በፕላስቲኩ መገናኛ ላይ አራቱ የዕጩ ታዛቢዎች ይፈርማሉ። ፕላስተሩ ከተነሳ ፊርማው ይቆረጣል።

ቀለሙ አስቸገረን። ቀይ ስር ቀቅለን ሞከርን፤ በውሃ ብቻ ለቀቀ። ሴቶቹ እንሶስላ አሉ። እንሶስላ አይለቅም፣ ግን እስኪይዝ ሌሊቱን ሙሉ ታስሮ ማደር አለበት። በመጨረሻ የማህተም ቀለም ወፍራሙን ገዛን። ጥፍርና ቆዳ መገናኛው ላይ ሲቀባ ሁለት ቀን ይቆያል። ለአንድ ከሰዓት ከበቂ በላይ ነው።

ምስጢር ክፍሉን ከሁለት ትልልቅ ካርቶኖች አቆምነው፤ ከላይ ጋቢ ተሸፈነ። መሬቱ ላይ በጠመኔ መስመር አሰመርን፣ ከዚያ የሚያልፍ አንድ ሰው ብቻ ነው።

አንድ ተማሪያችን ዓይኑ በጣም ደካማ ነው፤ የወረቀቱን ምልክቶች መለየት አይችልም። ሕጉ የሚያምነውን ረዳት ይዞ እንዲገባ ይፈቅዳል። ይህን ስነግረው «ረዳቱ ግን ያውቅብኛል» አለ። የኮሚቴው ልጆች ጉዳዩን እቤት ይዘው ሄዱ። በማግስቱ ከወፍራም ካርቶን የድምፅ መስጫ ወረቀቱን ያህል ቆርጠው፣ በየምልክቱ ትይዩ ቀዳዳ በስተው መጡ። ከላይ ወደ ታች አንደኛው ቀዳዳ ጀበና፣ ሁለተኛው መሰላል እያለ ይሄዳል። ወረቀቱን ከሥር ይከትና በጣቱ ቆጥሮ ምልክት ያደርጋል። እኔ አላሰብኩትም ነበር። የ15 ዓመት ልጆች በአንድ ሌሊት አሰቡት።

ኅዳር 2፣ ሰኞ

የመራጮች ምዝገባ ዓርብ ተዘግቶ ነበር። ከ61 ተማሪዎች 55ቱ ተመዝግበዋል። ዛሬ ጠዋት ስድስቱ መጥተው አቤት አሉ። ሁለቱ ታመው ነበር። አንዱ አባቱ የትእዛዝ ሥራ ደርሶበት ሽመና ላይ ሲያግዝ ሳምንቱ አለፈው። የቀሩት «የሚቀልዱ መስሎን» አሉ።

እጄን ላስገባ ነበር። እንደ ምንም ብዬ ያዝኩት። ኮሚቴው እረፍት ሰዓት ላይ ተሰበሰበ። ሦስት ለሁለት ሆነው ምዝገባውን በአንድ ቀን አራዘሙ፤ ግን ለሁሉም፣ የታመመ ያልታመመ ሳይባል። ከዚያ በኋላ ነው በ2013ቱ አገራዊ ምርጫ የምርጫ ቦርዱም የምዝገባ ጊዜ አራዝሞ እንደነበር የነገርኳቸው። አራቱ ተመዘገቡ። 59 መራጭ ሆነ።

ዘመቻው በሚኒ ሚዲያ ቀጥሏል። ለእያንዳንዱ ዕጩ ሦስት ሦስት ደቂቃ። ጀበና ስለ መጽሐፉ ተናገረች፤ ማን ቤት ስንት ቀን እንደሚያድር የሚያሳይ ሠንጠረዥ ሠርታ ለጥፋለች። መሰላል የፊት ወንበር በየሁለት ሳምንቱ ይዙር አለ። ድልድይ የተቀየሙ ልጆችን አስታርቃለሁ አለች። ጃንጥላ ብዙም አልተናገረም። እረፍት ላይ ከረሜላ አደለ።

ኮሚቴው ጠራው። «ጓደኞቼ ናቸው፣ ሁሌም እሰጣለሁ» አለ። ማስጠንቀቂያ ጻፉለትና ሰሌዳ ላይ ለጠፉት። ከዚያ በላይ አልቀጡም። አንዳንዶቹ ከውድድር ይውጣ ብለው ነበር። «መራጩ ይፍረድ» የሚለው በለጠ።

ኅዳር 4፣ ረቡዕ፣ የምርጫው ቀን

7 ሰዓት ተኩል ላይ ባዶው ሳጥን ለክፍሉ ታየ። አንዱ ልጅ ገልብጦ መታው። ታሸገ፣ ተፈረመበት። ሰልፉ ከበሩ እስከ ዋርካው ደረሰ። እኔ ዋርካው ሥር ተቀመጥኩ። ክፍሉ ውስጥ እንዳልገባ የወሰነው ኮሚቴው ነው። «እርስዎ ካሉ ሰው ይሸማቀቃል» አሉኝ። ከውጭ ሆኜ የሰማሁት ስም ሲጠራ፣ ወንበር ሲንቀሳቀስ፣ ወረቀት ሲታጠፍ ነው። በኋላ ድምፁ ሁሉ ቆመ። ዓይነ ደካማው ልጅ ገብቶ ነበር። ረጅም ጊዜ ቆየ። ማንም ቶሎ በል አላለውም። ሲወጣ የተቀባ ጣቱን ከፍ አድርጎ ይዞት ነበር።

አንዱ የተመዘገበ ልጅ ታሞ ቀረ። አንዷ ደግሞ መጥታ «አልመርጥም፣ አንዳቸውም አላሳመኑኝም» አለች። አንዳንዶች ሊጫኗት ሞከሩ። የኮሚቴው ሰብሳቢ «መብቷ ነው» ብላ አስቆመቻቸው። መዝገቡ ላይ 57 ፊርማ ሆነ።

ቆጠራው በሁሉም ፊት ነበር። አንዱ ወረቀቱን ይከፍታል፣ ከፍ አድርጎ ያሳያል፣ ሌላዋ ሰሌዳው ላይ ትጭራለች። መጨረሻ ላይ 56 ወጣ። ፊርማው 57 ነው! ክፍሉ ቀዘቀዘ። «ሰረቁ» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። እኔም ከበሩ ሆኜ ልቤ መታ። ሰብሳቢዋ ሁሉንም ወረቀት አንድ በአንድ እንደገና አንስታ አራገፈች። አንዱ ሌላው ውስጥ ታጥፎ ገብቶ ነበር። ከዚያ የሰማሁት ጩኸት የኳስ ሜዳ ነበር የመሰለኝ።

ሦስት ወረቀቶች ላይ ተከራከሩ። አንዱ ባዶ ነው፤ አንዱ ሁለት ምልክት አለበት፤ አንዱ ላይ መራጩ ስሙን ጽፏል። ስም የጻፈው ላይ ረጅም ክርክር ነበር፤ የማን እንደሆነ ታውቋልና። ምስጢር የሚባለው ለአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን ለሁሉም ነው፣ ዛሬ አንዱ ራሱን ካሳወቀ ነገ ሌላው እንዲያሳውቅ ይገደዳል ያለው የጀበና ታዛቢ ነው። ሦስቱም ዋጋ አልባ ተባሉ።

ውጤት፦ መሰላል 21፣ ጀበና 18፣ ጃንጥላ 12፣ ድልድይ 3፣ ዋጋ አልባ 3።

ያንን የጥቅምት 20 ወረቀት ከቦርሳዬ አወጣሁና ከጎኑ ለጠፍኩት። ጃንጥላ በእጅ 31፣ በወረቀት 12። ማንም ማብራሪያ አልጠየቀም። ለረጅም ጊዜ ቆመው አዩት። ጃንጥላም አየው። ሄጄ ልጁን ትከሻውን ያዝኩት፤ ከባድ ነገር ነው ያነበበው። «12ቱ ግን የምር ናቸው አይደል ቲቸር?» አለኝ። የምር ናቸው አልኩት።

ከረሜላ ስትቀበል ያየኋትን ልጅ ስንወጣ «ለማን ሰጠሽ?» ብዬ ጠየቅኳት። መጠየቅ አልነበረብኝም። «ሆድ ይፍጀው፣ ቲቸር» አለችኝ። እናቴ ትዝ አለችኝና ዓይኔ እንባ ሞላ።

ኅዳር 9፣ ሰኞ

የጀበና ደጋፊዎች ጥያቄ ይዘው ገቡ። «21 ሰው መረጠው፣ 33 ሰው አልመረጠውም። እንዴት አሸነፈ?» ከዚህ የተሻለ መግቢያ ሊኖር አይችልም። የአገራችንም ሕግ እንዲሁ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 በአንድ የምርጫ ክልል ውስጥ ከሌሎቹ የበለጠ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል ይላል፤ ከግማሽ በላይ ማግኘት የለበትም። ሌላ መንገድ እንዳለም ነገርኳቸው። ከግማሽ በላይ ያገኘ ከሌለ ሁለቱን እንደገና ማወዳደር። ወይም ኮሚቴ ሲሆን መቀመጫውን በድምፁ ልክ ማካፈል።

መሰላል ራሱ እጁን አወጣ። በክፍሉ ሕግ አለቃው ሁለት ረዳቶችን ይመርጣል። «ጀበናን ለመጽሐፉ፣ ጃንጥላን ለስፖርት» አለ። ጀበና ወዲያው እሺ አላለችም። «ሠንጠረዤ ካልተነካ» አለች። አልተነካም። ለሚቀጥለው ዓመት ሁለት ዙር ይሁን ወይስ አይሁን የሚለው ገና ተንጠልጥሏል፤ ለታኅሣሥ ክርክር ቀጥረውታል።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

የአቤቱታው ጊዜ ትናንት አለቀ። የመጣ አቤቱታ የለም። ወረቀቶቹን ምን እናድርጋቸው ሲባል አንዱ «ኅዳር ሲታጠን ነው፣ አብረን እናጢሳቸው» አለ። ሰፈሩ ዘንድሮም ቆሻሻውን ጠርጎ በየደጁ እያጨሰ ነው። አራቱ ታዛቢዎች ወረቀቶቹ የታሸጉበትን ፖስታ አገላብጠው አዩ፣ ፊርማቸው እንዳለ ነው። ጓሮ ወስደን አቃጠልነው። ሰብሳቢዋ መቃጠሉን ጽፋ አስፈረመች።

ስንመለስ ርዕሰ መምህሩ በረንዳው ላይ ቆመው ነበር። «ሳጥኑን ለ9ኛ ‹ሐ› አውሱልን» አሉ። ከዚያ ወደ መሰላል ዞረው «የመምህራን ስብሰባ ማክሰኞ 9 ሰዓት ነው፣ አትዘግይ» አሉት።

ለ9ኛ «ሐ» አዲስ ፕላስተር መግዛት አለብን። ባለ ቀዳዳውንም ካርቶን እንደገና መሥራት ያስፈልጋል፤ እነሱ አምስት ዕጩ አላቸው።